የኤንቢኤ ሕግ ሲቀየር ኮከቡና ተመልካቹ ምን ያገኛሉ፣ ምን ያጣሉ? ከጎንደር ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ሌሊት እየተነሣን የአሜሪካውን የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤን እናያለን፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ራሳችን እንጫወታለን። ሦስት ነገር አከራክሮናል። አንደኛ፣ ሊጉ ሕግ የሚቀያይረው ኮከቦቹን ለመጥቀም ነው ወይስ ለመስበር? ኮከቡ ጄምስ ሐርደን ድሮ በአንድ ጨዋታ አሥርና ከዚያ በላይ ፍሪ ስሮ (በፋውል ምክንያት ያለ ተከላካይ የሚወረወር፣ ሲገባ አንድ ነጥብ የሚያወጣ ኳስ) ያገኝ ነበር፤ ሕጉ ነው ያወረደው? ሁለተኛ፣ የ65 ጨዋታ ሕግ እያለ እንቅልፋችንን አጥተን ስንነሣ ኮከቡን ለምን አሁንም ሱፍ ለብሶ ቤንች ላይ እናገኘዋለን? ሦስተኛ፣ በቴሌቪዥን የምናየውን ዩሮ ስቴፕ (ወደ ቅርጫቱ ሲገቡ አንዱን እርምጃ ወደ አንድ ጎን፣ ሁለተኛውን ወደ ሌላው ጎን መጣል) ሜዳ ላይ ስንሞክረው ዳኛው "እርምጃ" ብሎ ይነፋብናል። የተሳሳተው ማን ነው?

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ ልጄ። ሦስቱም ጥያቄዎች ስለሚገናኙ አያይዤ እመልሳቸዋለሁ። ዓመቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

አዲስ ሕግ ወጣ ሲባል ብዙ ሰው የሚጠይቀው "ምን ተከለከለ?" ብሎ ነው። ከዚያ ይልቅ "ቅጣቱ ስንት ነጥብ ያወጣል?" ብላችሁ ጠይቁ። ኤንቢኤ ውስጥ አንድ ቡድን ኳስ ይዞ አንድ ጊዜ ሲያጠቃ በአማካይ የሚያገኘው 1.1 ነጥብ ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ። ሆን ብሎ ፋውል መሥራትም ሆነ ፋውል ማስነፋት ከዚህ ቁጥር ጋር ተመዛዝኖ ካተረፈ ይቀጥላል፤ ካላተረፈ ማንም ሳይመክር በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ኮከቦች ደግሞ ይህን ሒሳብ ከሁሉም ቀድመው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው።

ሐርደንን በዚህ ሚዛን እንየው። የፍሪ ስሮ ችሎታው 86 ከመቶ ገደማ ነው። ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ሲወረውር ፋውል ከተነፋለት ሦስት ፍሪ ስሮ ያገኛል፤ ይህ በአማካይ 2.6 ነጥብ ነው። ከመደበኛው ጥቃት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ተከላካዩ ወደ ጎን ሲንሸራተት ሰውነቱን ወደ እሱ ወርውሮ መተኮስ፣ ወይም የተከላካዩን ክንድ በክንዱ ጠልፎ ወደ ላይ መነሣት እጅግ የሚያዋጣ ሥራ ሆነ። በ2018–19 በአማካይ 36.1 ነጥብ ሲያስቆጥር ከዚያ ውስጥ ወደ አሥር የሚጠጋው ከፍሪ ስሮ መስመር የመጣ ነበር።

ከ2021–22 የውድድር ዘመን ጀምሮ ዳኞች አዲስ መመሪያ ተሰጣቸው። የሕጉ መጽሐፍ ብዙም አልተነካም፤ የተለወጠው አተረጓጎሙ ነው። ዳኛው የሚፈልጋቸው አራት ምልክቶች አሉ። ወርዋሪው ባልተለመደ አቅጣጫ ዘንበል ብሎ ወደ ተከላካዩ ዘሎ እንደሆነ፤ ይሄድበት ከነበረው መንገድ በድንገት ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ታጥፎ ተከላካዩን ገጭቶ እንደሆነ፤ እግሩን ከተለመደው በላይ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ዘርግቶ እንደሆነ፤ ወይም ኳስ ያልያዘበትን ክንድ ተከላካዩ ላይ አጠላልፎ እንደሆነ። ከእነዚህ አንዱን ካየና ንክኪው ቀላል ከሆነ ዝም ይላል። ንክኪው ከባድ ከሆነና ያመጣው ወርዋሪው ከሆነ ፋውሉ በወርዋሪው ላይ ይነፋል።

አሁን ሒሳቡን እንደገና ሥሩት። ዳኛው ዝም ሲል ወርዋሪው መሬት ላይ ወድቋል፣ ኳሱ ሳይገባ ቀርቷል፣ ተጋጣሚው አምስት ለአራት እየሮጠ ነው። በራሱ ላይ ከተነፋበት ደግሞ ኳሱ ይወሰዳል፣ ከሜዳ ከሚያስወጡት ስድስት ፋውሎች አንዱም ይቆጠርበታል። በ2021 መጸው ሐርደንና ትሬ ያንግ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወደ ፍሪ ስሮ መስመር የሚሄዱበት ጊዜ በግልጽ ወረደ፤ ተከላካዮችም እጃቸውን ሳያርቁ መጋፈጥ ጀመሩ። ነገር ግን ሐርደን በዚያው ዓመት ሒሳቡን አስተካክሎ ወደ ቅርጫቱ አብዝቶ በመግባት የፍሪ ስሮውን ቁጥር መልሶ ከፍ አደረገ። ያን ተንኮል ብቻ ይዞ የመጣ ተጫዋች ቢሆን ኖሮ ግን መመለሻ አያገኝም ነበር።

እዚህ ላይ ተመልካች ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር አለ፤ አንድ ፊደል ሳይለወጥ ጨዋታው ሊለወጥ ይችላል። በጥር 2024 ጆኤል ኢምቢድ 70 ነጥብ፣ ከአራት ቀን በኋላ ሉካ ዶንቺች 73 ነጥብ አስቆጠሩ። "መከላከል ቀረ" የሚለው ጩኸት በየቦታው ተነሣ። በየካቲት ከኮከቦች ጨዋታ በኋላ ዳኞች ንክኪን አብዝተው ማሳለፍ ጀመሩ፤ የፋውሉም የነጥቡም ቁጥር ወረደ። ይህን በውድድሩ መካከል ማድረግ ትክክል አይመስለኝም። ለተመልካቹ ጨዋታው ሳይሻል አልቀረም፤ ተጫዋቹ ግን በጥቅምት የተማረው ፊሽካ በመጋቢት ሲለወጥበት ተበድሏል። ለውጥ ካስፈለገ ሁሉም ባዶ ሜዳ ላይ ልምምድ በሚያደርግበት በክረምቱ ቢሆን ይሻላል።

የ1.1 ነጥብ ሚዛን በጣም ግልጽ ሆኖ የሚታየው በሁለት ሕጎች ላይ ነው። የመጀመሪያው ፍሪ ስሮ የማይሆንላቸውን ረጃጅሞች ሆን ብሎ ፋውል የመሥራት ነገር ነው። በ2015–16 አንድሬ ድራሞንድ ከመቶ ፍሪ ስሮ 35 ወይም 36 ያህል ብቻ ነበር የሚያገባው። ሁለት ፍሪ ስሮ ሰጠኸው ማለት 0.7 ነጥብ ሰጠኸው ማለት ነው፤ ቡድኑ አጥቅቶ ቢሆን 1.1 ያገኝ ነበር። ስለዚህ ኳሱ ሌላ ጥግ ላይ እያለ ድራሞንድን ማቀፍ አዋጭ ነበር። በጥር 2016 ከሂዩስተን ጋር ሲጫወት 36 ፍሪ ስሮ ወርውሮ 13 ብቻ አገባ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥቶ ይህን የሚያይ ሰው ምን ያህል እንደሚቃጠል እናንተ ታውቁታላችሁ። ከኳሱ ርቆ የተሠራ ፋውል አንድ ፍሪ ስሮና ኳስ የሚያሰጠው ቀድሞ በአራተኛው ሩብ የመጨረሻ ሁለት ደቂቃዎች ብቻ ነበር፤ ከ2016–17 ጀምሮ ግን በየሩቡ የመጨረሻ ሁለት ደቂቃዎች ሆነ። ያን ጊዜ 0.35 ላይ 1.1 ተደምሮ 1.45 ሆነ፤ በእነዚያ ደቂቃዎች ማቀፉ ኪሳራ ስለሆነ ቆመ። እንዲህ ያለው ኮከብም በእነዚያ ደቂቃዎች ቤንች ላይ መቀመጡ ቀረለት።

ሁለተኛው ፈጣን ጥቃትን ለመቁረጥ የሚሠራው ፋውል ነው። ኳስ ተነጥቆ ሦስት ለአንድ ሲሮጡ ተከላካዩ ወገብ ይይዝና ሁሉም ነገር ይቆማል። ቅጣቱ ኳሱን ከጎን መስመር ማስገባት ብቻ ስለነበር ርካሽ ነበር። ከ2022–23 ጀምሮ አንድ ፍሪ ስሮና ኳስ ያሰጣል፤ ፍሪ ስሮውን የሚወረውረውም በዚያ ሰዓት ሜዳ ላይ ካሉት ተበዳዩ ቡድን የፈለገው ሰው ነው። ጥሩው ወርዋሪ 0.85፣ ከዚያ ጥቃቱ 1.1፤ ወደ ሁለት ነጥብ ይጠጋል። የአራተኛው ሩብና የተጨማሪ ሰዓት የመጨረሻ ሁለት ደቂቃዎች ብቻ ከዚህ ውጭ ናቸው። ኮከብ እንዲታይ የምትፈልግ ከሆነ ሜዳ ክፍት ሆኖለት እንዲሮጥ አድርገው። ለእኔ ከቅርብ ዓመታት ሕጎች ሁሉ ለተመልካች የበለጠ የሠራው ይህ ነው።

የማስመሰል ውድቀትንም ከ2023–24 ጀምሮ በጨዋታ ውስጥ መቅጣት ተጀምሯል። ቴክኒካል ፋውል ሆኖ ለተጋጣሚ አንድ ፍሪ ስሮ ያሰጣል፣ ነገር ግን ተጫዋቹን ከሜዳ አያስወጣም። ቅጣቱ ትንሽ ስለሆነ ውጤቱም ትንሽ ነው።

"ለመጥቀም ወይስ ለመስበር" የሚለው ክርክራችሁ አዲስ አይደለም፤ ከሊጉ መጀመሪያ ጀምሮ አለ። ጆርጅ ማይካን የሚኒያፖሊስ ሌከርስ ረጅሙ ኮከብ ነበር። የሦስት ሰከንዱ ክልል (ቅርጫቱ ፊት ያለው፣ አጥቂ ከሦስት ሰከንድ በላይ የማይቆምበት ቦታ) ስፋት ያኔ 1.83 ሜትር ብቻ ስለነበር ቅርጫቱ ሥር ቆሞ ኳስ ይቀበል ነበር። በ1951 ክልሉ በእጥፍ ሰፍቶ 3.66 ሜትር ሆነ፤ የማይካን አማካይ ነጥብም ከ28.4 ወደ 23.8 ወረደ። ሌከርስ ግን በ1952፣ በ1953ና በ1954 ተከታትሎ ዋንጫ በላ። ሕጉ የአንዱን ሰው ቁጥር ቀነሰ እንጂ ቡድኑን አላወረደውም፤ ምክንያቱም ሁለት ተከላካይ ወደ ማይካን ሲሄድ ሌላው ነፃ ይሆን ነበር።

ማይካንን ይበልጥ የነካው ሕግ የመጣው ከሜዳው ሳይሆን ከሰዓቱ ነው። በኅዳር 1950 ፎርት ዌይን ሌከርስን 19 ለ 18 አሸነፈ፤ ከሌከርስ 18 ነጥብ 15ቱ የማይካን ነበር። ፎርት ዌይኖች ኳሱን ይዘው ዝም ብለው ነበር ያሸነፉት። የሲራኪዩሱ ቡድን ባለቤት ዳኒ ቢያሶኒ ጥሩ በሚባል ጨዋታ ሁለቱ ቡድኖች በድምሩ 120 ያህል ጊዜ እንደሚወረውሩ ተመለከተ። 48 ደቂቃ 2,880 ሰከንድ ነው፤ ለ120 ሲካፈል 24። በ1954–55 የ24 ሰከንዱ ሰዓት ሥራ ሲጀምር የቡድኖች አማካይ ነጥብ ከ79.5 ወደ 93.1 ዘለለ። ማይካን ሰዓቱ ከመምጣቱ በፊት ጫማውን ሰቅሎ ነበር፤ በ1955–56 ሲመለስ ጨዋታው ሩጫ ሆኖ ጠበቀው፤ 37 ጨዋታ ተጫውቶ በአማካይ 10.5 ነጥብ ብቻ አስቆጠረ። ዕድሜም ጉዳትም ነበረበት፣ ሁሉንም በሰዓቱ ላይ አናሳብብም። እንደ ቦብ ኩዚ ያሉ ኳስ ገፊዎች ግን ዘመናቸው መጣ። ይህን የፋሲል ከነማ ደጋፊ በቀላሉ ይረዳዋል፤ በ1992 እግር ኳስ ላይ በረኛው በእግር የተመለሰለትን ኳስ በእጅ እንዳይዝ ሲከለከል የሆነው ያው ነው። ጊዜ መግደል ተዘጋ፣ እግሩ የማይሠራ በረኛ ተቸገረ፣ ተመልካች ተጠቀመ።

ዊልት ቻምበርሌን ሲመጣ ክልሉ በ1964 እንደገና ሰፍቶ 4.88 ሜትር ሆነ። ዊልት ከ36.9 ወደ 34.7 ወረደ፤ ያም ሆኖ ከሁሉም በላይ ነበር። በኋላም በ1967–68 በድምር የመጨረሻ ኳስ በማቀበል ሊጉን መራ። ተሰጥኦው ሰፊ የሆነ ሰው አንዱ በር ሲዘጋበት ሌላው አይጠፋውም።

የሦስት ነጥቡን መስመር ነገር ረጋ ብላችሁ ስሙኝ፤ ብዙ ክርክር የሚሳሳተው እዚህ ነው። መስመሩ ኤንቢኤ የገባው በ1979–80 ነው፤ ርቀቱ 7.24 ሜትር፣ ጥግ ላይ 6.7 ሜትር። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቡድን በጨዋታ የሚሞክረው ከሦስት ያነሰ ነበር። በ2024–25 ግን ከ37 በላይ ሆኗል። መስመሩ ከ1994 እስከ 1997 ለሦስት ዓመት ቀርቦ ከመመለሱ በቀር ያው መስመር ነው። ታዲያ ምን መጣ? ሌሎች ሕጎች መጡ። በ2001–02 ዞን መከላከል (ሰው ሳይሆን ቦታ መጠበቅ) ተፈቀደ፤ በምትኩ ተከላካይ ማንንም ሳይጠብቅ ክልሉ ውስጥ ከሦስት ሰከንድ በላይ እንዳይቆም ተደረገ። እንደ ሻኪል ኦኒል ላለ ኮከብ ኳሱ ሳይደርሰው ከፊትም ከኋላም ሰው ማቆም ስለተቻለ ለእሱ ዓይነቱ ጨዋታ ዋጋው ጨመረ። በ2004–05 ደግሞ ተከላካይ ኳስ የያዘውን ሰው በእጁ ገፍቶ እንዳያዘገይ የነበረው ክልከላ ጠበቀ። የቡድኖች አማካይ ነጥብ በአንድ ዓመት ከ93.4 ወደ 97.2 ወጣ። ስቲቭ ናሽ በዚያው ዓመት ፊኒክስ ገብቶ ቡድኑ ከ29 ድል ወደ 62 ድል ሄደ፤ እሱም በ2005ና በ2006 የዓመቱ ኮከብ ተባለ። ስቴፈን ከሪ በ2015–16 402 ሦስት ነጥቦችን ሲያስገባ የቆመው በእነዚህ ሕጎች ላይ ነው። እጅ ወገቡ ላይ ቢጣበቅበት ኖሮ ያን ሁሉ ርቀት ሮጦ ነፃ ቦታ ማግኘት አይችልም ነበር። ማንም ለከሪ ብሎ አላወጣቸውም፤ በ2004 ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር።

ኮከብን በቀጥታ ከጉዳት የሚጠብቁም አሉ። በግንቦት 2017 ካዋይ ሊዮናርድ ወርውሮ ሲያርፍ ቁርጭምጭሚቱ የዛዛ ፓቹሊያ እግር ላይ አርፎ ተጠመዘዘ፤ ከዚያ በኋላ በዚያ የውድድር ዘመን አልተጫወተም። ከ2017–18 ጀምሮ ዳኞች የማረፊያ ቦታ መንፈግን በቪዲዮ አይተው ቅጣቱን ማክበድ ይችላሉ። እናንተም ወርዋሪ ለመከላከል ስትሮጡ የመጨረሻዋን እርምጃ ከእሱ ጎን አሳርፏት፤ ከሥሩ ካሳረፋችኋት ሰው ትሰብራላችሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ሁለት የተለያዩ ሕጎች እየተምታቱ ነው። በ2023–24 የመጣው የ65 ጨዋታ ሕግ የሚመለከተው ሽልማትን ነው። ከ82 ጨዋታ 65 ያልተጫወተ ለዓመቱ ኮከብም ሆነ ለዓመቱ ምርጥ ቡድኖች አይታጭም፤ አንድ ጨዋታ እንዲቆጠርለትም በመሠረቱ 20 ደቂቃ መጫወት አለበት። 17 ጨዋታ መቅረት ግን ለማንም ይፈቀዳል። ስለዚህ አንተ በተነሣህበት ሌሊት መቅረቱ ምንም ሕግ አይጥስም።

ሌላው የተሳትፎ ፖሊሲው ነው፤ ቡድኑን የሚቀጣው ይህ ነው። ባለፉት ሦስት ዓመታት በኮከቦች ጨዋታ ወይም በዓመቱ ምርጥ ቡድን የተመረጠ ሰው "ኮከብ" ተብሎ ይመዘገባል። ቡድኑ ጤነኛ የሆኑ ሁለት ኮከቦችን በአንድ ጨዋታ ማሳረፍ አይችልም፤ በመላ አሜሪካ በቴሌቪዥን በሚተላለፉ ጨዋታዎች ኮከቡን ማሰለፍ ይጠበቅበታል። ማሳረፍ ካለበትም በሜዳው በሚጫወትበት ቀን ቢሆን ይመረጣል፤ በሌላ ከተማ ያለው ተመልካች በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነውና የሚያየው። ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ 100,000 ዶላር፣ ለሁለተኛ 250,000፣ ከዚያ በኋላ በየጊዜው አንድ ሚሊዮን እየጨመረ ይሄዳል። በዕድሜ የገፉ ኮከቦች ግን አስቀድመው በማስፈቀድ ከተከታታይ ሁለት ቀናት አንዱን ማረፍ ይችላሉ። እውነተኛ ጉዳት ደግሞ ሁልጊዜም ምክንያት ነው።

ከዚህ ለናንተ የሚጠቅም ሥራ ይወጣል። ለእንቅልፋችሁ ዋጋ የሚሰጥ ጨዋታ ስትመርጡ በመላ አሜሪካ የሚተላለፈውን ምረጡ። ቡድኑ ትናንት ተጫውቶ ዛሬ የሚደግም ከሆነ ተጠራጠሩ፤ በተለይ ኮከቡ ከ35 ዓመት በላይ ከሆነ። የጉዳት ዝርዝሩ በይፋ ስለሚወጣ ከመተኛታችሁ በፊት እዩት፤ "አጠራጣሪ" የተባለ ሰው ሊጫወትም ላይጫወትም ይችላል፣ "አይጫወትም" ከተባለ ግን ተኙ። ሰዓቱን በተመለከተ በኒው ዮርክ ከምሽቱ 7:30 የሚጀምር ጨዋታ ከኅዳር መግቢያ እስከ መጋቢት አጋማሽ ድረስ ለጎንደር ከሌሊቱ 9:30 ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰዓታቸውን ስለሚያሻግሩ 8:30 ይሆናል። በዚህ ምክንያት በመጋቢት አንድ ሩብ ሙሉ የሚያመልጠው ብዙ ሰው ነው። እሑድ ቀን በኒው ዮርክ ከሰዓት በኋላ 3:30 የሚጫወቱት ደግሞ በእነሱ የብርድ ወራት ለእኛ ከምሽቱ 5:30 ስለሚሆን ሥራ ላለው ሰው እሱ ይሻላል።

የ65ቱን ሕግ ሐሳብ እወደዋለሁ፤ አሠራሩን ግን አልወደውም። ታይሪስ ሃሊበርተን በ2023–24 የጭን ጡንቻ ጉዳት እያለበት ቶሎ ተመለሰ፤ ምክንያቱም የዓመቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ ከገባ ውሉ ከደመወዝ ጣሪያው 25 ከመቶ ወደ 30 ከመቶ ይወጣ ነበር፤ በአምስት ዓመት ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ልዩነት ነው። ደግነቱ ቁጥሩን አልፎ ተመረጠ። በ64ኛውና በ65ኛው ጨዋታ መካከል ያን ያህል ገንዘብ ሲቀመጥ ሰው ያልዳነ እግሩን ይዞ ይሮጣል፤ ከዚያ የሚጎዳው ራሱ ነው፣ በጸደይ በዋንጫ ጨዋታ ሲጠብቀው የነበረው ተመልካችም ነው። ኢምቢድ በበኩሉ በዚያ ዓመት በአማካይ 34.7 ነጥብ እያስቆጠረ በጉልበት ጉዳት 39 ጨዋታ ላይ ቆመና ከምርጫው ወጣ። ድምፅ የሚሰጡት ጋዜጠኞች 39 ጨዋታ ያንሳል ብለው በራሳቸው መወሰን አያቅታቸውም ነበር። ቁርጥ ያለ ገደብ ከማስቀመጥ የተጫወተውን ደቂቃ በድምር ቆጥሮ ማቅረብ ይሻል ነበር ባይ ነኝ።

ስለ ደመወዝ ሕጉ ባጭሩ፦ በ2023 የተፈረመው ስምምነት ከሁለተኛው የወጪ ገደብ ያለፈ ቡድን ተጫዋቾችን አጣምሮ መቀየር እንዳይችል፣ ወጪውንም በቀላሉ ማካካስ እንዳይችል አደረገ። ቦስተን በ2024 ዋንጫ በልቶ በ2025 ክረምት ጁሩ ሆሊደይንና ክሪስታፕስ ፖርዚንጊስን የለቀቀው በዚህ ነው። ከ2019 እስከ 2025 ሰባት ዓመት ሰባት የተለያዩ ቡድኖች ዋንጫ ቢወስዱም አብዛኞቹ ከዚህ ሕግ በፊት ስለሆኑ ምስጋናውን ሁሉ ለእሱ መስጠት አይቻልም። አንድ ቡድን የሚወድ ሰው ግን የሚወዳቸው ልጆች ቶሎ ሲበተኑበት ያያል፤ ይህ እውነተኛ ጉዳት ነው።

ወደ ሜዳችሁ እንምጣ። እናንተ የምትጫወቱት በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን በፊባ ሕግ ነው፤ የአፍሪካ ሊግም እንደዚያው። እርምጃን በተመለከተ ሁለቱ ሕጎች አሁን ተቀራርበዋል፤ ፊባ ከጥቅምት 2017 ጀምሮ ኳስ ስትሰበስብ መሬት ላይ ያለችውን እግር ዜሮ ብሎ ይቆጥራል፣ ከዚያ ሁለት እርምጃ ትወስዳለህ። ስለዚህ ዩሮ ስቴፕ ይፈቀዳል። ከቆምክበት ስትነሣ ግን ዜሮ የለም። አብዛኛው ሰው የሚነፋበት ምክንያት ደግሞ ኳሱን የሰበሰበው ከሚመስለው ቀድሞ መሆኑ ነው። በመጨረሻው ድሪብል (ኳሱን መሬት ላይ ስታነጥር) እጅህ ከኳሱ ሥር ከገባና ኳሷ መዳፍህ ላይ ካረፈች፣ ሁለተኛው እጅህ ባይነካትም፣ ሰብስበሃል ማለት ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ አንተ ሁለት ብለህ የቆጠርከው ለዳኛው ሦስት ነው። ጓደኛህ ከጎን ሆኖ በስልክ በዝግታ ይቅረጽህ። ኳሷ መዳፍ ላይ ያረፈችበት ላይ አቁመህ የትኛው እግር መሬት ላይ እንዳለ እይ፤ እሱ ዜሮ ነው፣ ከዚያ ቁጠር። ሦስት ከሆነ የሚታረመው እግርህ ሳይሆን እጅህ ነው፤ ድሪብሉን ከኳሱ ላይ ሆነህ ጨርስ፣ ዘግይተህ ሰብስብ።

ሌላው የሚያስቸግራችሁ ነገር ፊባ ላይ የተከላካይ ሦስት ሰከንድ አለመኖሩ ነው። ረጅሙ ተከላካይ ጨዋታውን ሁሉ ቅርጫቱ ሥር መቆም ይችላል። ኤንቢኤ ላይ ክፍት ሆኖ የምታዩት መንገድ እዚህ ዝግ ነው፤ መፍትሔው ያን ሰው ጥግ ላይ በሚቆም ወርዋሪ ማስወጣት ነው።

ወርዋሪ እንዲለምድ ደግሞ መስመሩ ትክክል ይሁን። የምትጫወቱበት ሜዳ ክልል ወደ ቅርጫቱ እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ከ2010 በፊት የተቀባ ነው፤ የሦስት ነጥቡም መስመር 6.25 ሜትር ይሆናል። አዲሱ 6.75 ነው። ለመሳል ከቀለበቱ መሐል ክብደት የታሰረበት ክር ወደ ታች ልቀቁና የነካበትን ነጥብ ምልክት አድርጉ፤ ከመጨረሻው መስመር ውስጠኛ ጠርዝ 1.575 ሜትር መሆን አለበት። ከዚያ ነጥብ በ6.75 ሜትር ቅስቱን አዙሩ። ጥግ ላይ ከጎን መስመሩ 0.90 ሜትር ገብቶ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል፤ ከመጨረሻው መስመር 2.99 ሜትር ላይ ከቅስቱ ጋር ይገናኛል። የተለመደው ስሕተት ከቦርዱ ፊት መለካት ነው፤ ቦርዱ ከቀለበቱ መሐል 37.5 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ስለሆነ መስመሩ በዚያው ልክ ይቀርባል። የናይለን ገመድም ሲጎተት ስለሚለጠጥ ቅስቱ አንድ ወጥ አይሆንም፤ የግንበኛ ሜትር ተጠቀሙ። መጀመሪያ በጠመኔ ስላችሁ በሦስት ቦታ እንደገና ለኩ፤ ቀለሙ ከዚያ በኋላ ነው።